ቦንቪል ጨው ሜዳ በኪራይ መኪና ለመሄድ ላሰብከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። «ኦገስት ላይ ልጄን ይዤ ዩታ ስፒድ ዊክን ላሳየው ነው፤ ከሶልት ሌክ ኤርፖርት መኪና እከራያለሁ፤ ምን ልዘጋጅ?» ብለሃል። (ለማያውቅ፦ ስፒድ ዊክ ቦንቪል ጨው ሜዳ ላይ መኪኖች የፍጥነት ሪከርድ የሚሞክሩበት ሳምንት ነው።) የተሰጠህን መልስ አየሁ፤ ሁሉም «ውሃ ያዝ» ነው። በረሃ ሲኬድ ውሃ መያዝ ማን ይጠፋዋል! እኔም እንዳንተው ልጄን ይዤ ከሲያትል በርሬ ነው የሄድኩት፤ የተቃጠልኩበትን ልንገርህ።

1. የማይመለስ ትኬትና ሆቴል እንዳትቆርጥ። በብርዱ ወራት ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ በሙቀቱ ወራት ሲደርቅ ነው የሚሮጥበት። ካልደረቀ ይሰረዛል። 2014 በዝናብ፣ 2015 ጨዉ በመበላሸቱ፣ 2022 ደግሞ እንደገና በውሃ ቀርቷል። ሆቴል ዌስት ዌንዶቨር፣ ኔቫዳ በኩል ታገኛለህ፤ ትልልቆቹ ካዚኖ ናቸውና ከልጅህ ጋር በቁማር ማሽን መሀል ማለፍህ አይቀርም።

2. ልጅህ «ከድምፅ የሚፈጥነውን መኪና» ማየት እንደሚፈልግ ጽፈሃል። ካሁኑ ንገረው፣ እዚያ አያየውም። ያ 1997 ኔቫዳ ብላክ ሮክ በረሃ ላይ፣ አንዲ ግሪን በ763 ማይል በሰዓት የነዳው ነው። ቦንቪል ላይ ከሁሉም የሚበልጠው የዓለም የመሬት ፍጥነት ሪከርድ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበረው 1970 ነው፤ ጋሪ ጋበሊች፣ 622 ማይል። ስፒድ ዊክ ላይ የምታየው ጋራዡ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሲበይድ የከረመ ሰው ነው። መኪኖቹም ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም፤ አንድ በአንድ ነው የሚለቀቁት፣ ብዙዎቹን ደግሞ ፒካፕ ከኋላ ገፍቶ ያስነሳቸዋል። የእኔ ልጅ መጀመሪያ አኮረፈ። ፒቱ (መኪኖቹን የሚያዘጋጁበት ቦታ) ግን ለተመልካች ክፍት ነው። አንድ ሽማግሌ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ሲያሳየው ከዚያ ንቅንቅ አልል አለ፤ ምሳ እንኳ ቆመን ነው የበላነው።

በጠዋት ሂድ። ሪከርድ ያለፈ መኪና ተለይቶ ያድርና በማግስቱ ጠዋት እንደገና ይሮጣል፤ የሁለቱ አማካይ ነው የሚመዘገበው። እኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በሩ ላይ ነበርን። ቢኖኩላር ከሌለህ አትልፋ፤ ከመስመሩ በጣም አርቀው ነው የሚያስቆሙህ። ከሩቅ ጎማ የሌለው ነገር አየር ላይ ሲንሳፈፍ ታያለህ፣ ከኋላው ነጭ ጭራ። ካለፈህ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው።

3. ፀሐይዋ ከነጩ ጨው ተንፀባርቃ ከታች ነው የምታቃጥለው። ክሬሙን አገጭህ ስርና አፍንጫህ ቀዳዳ ዙሪያ ቀባ። አትሳቅ፣ የእኔ ተልጧል።

4. መኪናው። አስፋልቱ ሲያልቅ ጨው ላይ ነው የምትነዳው። የኪራይ ውሉ «ከተነጠፈ መንገድ ውጭ አይነዳም» ይላል፤ እኔ ፈረምኩ እንጂ አላነበብኩም። ጠዋት ጨዉ እርጥብ ነበርና ጎማው እየወረወረ ከስር ለጠፈው። ከሰዓት ሲደርቅ ሲሚንቶ ሆነ። አሳሌ ላይ አፋሮች ጨው በመጥረቢያ ሲፈልጡ በቴሌቪዥን እያየሁ ያደግኩ ሰው፣ ውሃ ሲነካው ሟምቶ ይወርዳል ብዬ ዌንዶቨር ላይ በሳንቲም ማጠቢያ ላዩን አጠብኩት። አበራ። ተኩራራሁ።

ኤርፖርት መኪናውን የተቀበለኝ የኪራይ ቤቱ ሠራተኛ ሰላምታም አልመለሰ። ተንበረከከና የስልኩን መብራት አብርቶ እጁን ፓራፋንጎው ውስጥ ከተተ፤ ቡጢ የሚያክል ነጭ ጓል አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ቁጭ አደረገው። «ምንድን ነው ይሄ?» «ጨው።» «እሱን አውቃለሁ» አለና ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ 385 ዶላር ከካርዴ ቆረጠ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ፊት መሆኑ ነው የከነከነኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኢሜይል ስጽፍ ከርሜ 110 ዶላር አስመልሻለሁ፤ አንዳንዱ አይታገልም፣ እኔ ታገልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ጨው ሽቦና ፍሬን ይበላልና ሠራተኛው ግማሽ በግማሽ ልክ ነበር፤ አነጋገሩ ነው እንጂ።

ስለዚህ ጨው ላይ መንዳት ይፈቀድ እንደሆነ ኪራይ ቤቱን በጽሑፍ ጠይቅ፤ በስልክ «ችግር የለም» ያለህን ሰው በኋላ አታገኘውም። ካልፈቀዱ ሶልት ሌክ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ፈልግ። ዘንድሮ እኔ የምሄደው በጓደኛዬ አሮጌ ፒካፕ ነው። ከፈቀዱም ቀስ ብለህ ንዳ፣ ከተከለለው መንገድ አትውጣ (ዳር ዳሩ ከነጩ ስር ጭቃ ነው)፣ ስትወጣ ከስር የሚረጭ ማጠቢያ ሁለቴ አስገባው፣ እጅህን ፓራፋንጎው ውስጥ ከተህ ዳስስ፣ ደረሰኙን ያዝ፣ ከመመለስህ በፊት ከስር ፎቶ አንሳ።

ውሉን ከፈረምክ ደግሞ ገጹን ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ። የቷ መስመር እንደምትበላህ አሁን በቃሌ አውቃታለሁ።