ዕቃው የማን ነው? ለወጣት የሕግ ተማሪዎች

ሕግ የምታጠና የእህቴ ልጅ በቅርቡ «አጎቴ፣ እንግሊዝ ጫትን መከልከሏ ውጤት አመጣ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ለንደን በአስተርጓሚነት ሳገለግል ያየሁት እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ጉዳይ ትዝ አለኝ።

ክልከላው እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ከጸና በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት በሻንጣው ውስጥ፣ በበርበሬና በሽሮ መካከል፣ በላስቲክ የታሸገ ደረቅ ጫት ተገኘበት። ለጎረቤታቸው ወንድም የሚያደርሰው ዕቃ እንደሆነ ተናገረ። መርማሪዋ «ሳትከፍት ለምን ተቀበልክ?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችው፤ እሱም «የሰው አደራ ይከፈታል እንዴ?» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። በእኛ ዘንድ የጎረቤትን ዕቃ መፈተሽ እንደ ስድብ እንደሚቆጠር ለማስረዳት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን አስተርጓሚ ከራሱ ቃል መጨመር አይፈቀድለትም። ደንቡ ትክክል ነው፣ ዛሬም ቢሆን እደግፈዋለሁ፤ ቢሆንም የዚያ ልጅ ግራ የተጋባ ፊት አልለቀቀኝም። ተቀባዩ ስልኩን ዘግቶ ጠፋ፤ ላኪውን የጠየቀው አልነበረም።

ቀድሞ ጫቱ፣ አብዛኛው ከኬንያ ሜሩ፣ ከፊሉም ከሐረርጌ፣ በአውሮፕላን በግልጽ ይገባ ነበር። ቅጠሉ ሲጠወልግ የሚያነቃቃው ካቲኖን በቀናት ውስጥ ስለሚዳከም፣ ነጋዴው ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደም ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ባለሙያዎች አማካሪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ ለክልከላ የሚያበቃ በቂ ማስረጃ አላገኘሁም ቢልም፣ የወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ከለከሉት። ይዞ ለተገኘ ተጠቃሚ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ የ60 ፓውንድ ቅጣት፣ በሦስተኛው በፖሊስ ቁጥጥር ሥር መዋል ተደነገገ።

ትኩሱ ጫት ከገበያ ጠፋ፤ የበርጫ ቤቶችም ተዘጉ። ባሎቻቸው እዚያ ያነጉባቸው የነበሩ የሶማሌ እናቶች ሲደሰቱ አይቻለሁ፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ይሁን እንጂ የደረቀው በሻንጣና በፖስታ መምጣት ጀመረ፤ አደጋውም ከነጋዴው ትከሻ ወርዶ ዕቃ አድርስ በተባለ መንገደኛ ላይ ወደቀ።

የዛሬ ወጣቶች «ይፈቀድ» ወይም «ይከልከል» ብላችሁ በሁለት መስመር ትፈርዳላችሁ። ስለ ሱስ ጉዳት አልመክራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ፖሊሲ ለመመዘን በተቀመጣችሁ ጊዜ ግን በተያዘው ኪሎ ብዛት አትርኩ፤ የኪሎው መጨመር የፍተሻውን መጥበቅም፣ የዝውውሩን መብዛትም ሊያመለክት ይችላልና። ጫቱ በድብቅ የሚሸጥበት ዋጋ ምን ያህል እንደናረ፣ ቃሚው ወደ ምን እንደዞረ ጠይቁ፤ መዝገብ ስታገላብጡም የላኪው ስም ተጠቅሶ እንደሆነ ፈልጉ።