ጥቁርና ነጭ ለምን?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው «ዘ ላስት ፒክቸር ሾው» ባለቀለም ፊልም በሞላበት ዘመን ለምን በጥቁርና ነጭ ተቀረጸ? እኔም ወጣቶች ጥለዋት ስለሚሄዱ ትንሽ ከተማ አጭር ፊልም ላነሳ ነው። ያንን መልክ እንዴት ላምጣ?

መልስ፦ ሐሳቡን ለዳይሬክተሩ ፒተር ቦግዳኖቪች ያቀበለው ሌላው ታዋቂ ዳይሬክተር ኦርሰን ዌልስ ነው። ቦግዳኖቪች የፊተኛው ልጅም ከኋላው ያለው ባዶ መንገድም እኩል ጥርት ብለው እንዲታዩ ፈልጎ ነበር፤ ዌልስም ይህ የሚገኘው በጥቁርና ነጭ እንደሆነ ነገረው።

ፉል ፍሬም (ምስል መቀበያው ትልቅ የሆነ) ካሜራ ላይ 24 ሚሊሜትር ሌንስ ይግጠሙ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ኤፍ 8፣ ፎከሱን 2.5 ሜትር ላይ ያድርጉ፤ ከ1.25 ሜትር ገደማ እስከ አድማስ ይጠራል። ጣጣው ቤት ውስጥ ነው፤ ቀዳዳው ሰፋ ካለበት ከኤፍ 2.8 ይልቅ 8 እጥፍ ብርሃን ይፈልጋል። ተዋናዩን ወደ መስኮት ያስጠጉ እንጂ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) እየጨመሩ ምስሉን አያሻክሩት።

በቀለም ቀርጾ ቀለሙን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ቀይ ሹራብና አረንጓዴ ግድግዳ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ ልጁ ግድግዳው ውስጥ ይሰምጣል። ልብሱን በስልክዎ ጥቁርና ነጭ ካሜራ አስቀድመው ይዩት። ቀይ ፊልተር ሰማዩን አጥቁሮ ደመናውን ያጎላል፣ ከንፈርን ግን ያገረጣል፤ ፊት በቅርብ ሲቀርጹ ያውልቁት።

ቫዮሊን ጨምሩ የሚልዎትን አይስሙ! በፊልሙ ሙዚቃ በአብዛኛው የሚሰማው ትዕይንቱ ውስጥ ካሉ ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ ነው። ከዘፈኑ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅና ከ4000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ቢቆርጡ የትንሽ ሬዲዮ ድምፅ ይሰጥዎታል።