ኢፖክሲ ውስጥ ናኖቲዩብ ብጨምር ካርቦን ፋይበሬ ይጠነክራል?

«የካርቦን ናኖቲዩብ ዱቄት ኢፖክሲ ውስጥ ብቀላቅል፣ የምሠራው ካርቦን ፋይበር ሳይከብድ ይጠነክራል ወይ? ስንት ልጨምር?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን፦ ሊጠነክር ይችላል። ናኖቲዩብ ማለት ከካርቦን የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ኢፖክሲ ደግሞ የካርቦኑን ጨርቅ የሚያጣብቀው፣ ሲደርቅ የሚጠነክረው ሬዚን ነው። የቱ ጋ እንደሚጠነክር ግን አስቀድመን እንግባባ።

ካርቦን ፋይበር በክሩ አቅጣጫ ሲጎተት ችግር የለበትም። እዚያ ላይ ናኖቲዩብ እምብዛም አይጨምርለትም። ደካማው ቦታ የጨርቁ ንብርብሮች መሀል ነው። እዚያ ክር የለም፣ ያለው ሬዚን ብቻ ነው። ከላይ ሲመታ ገጹ ደህና መስሎ ውስጡ የሚላቀቀውም ለዚህ ነው። ናኖቲዩብ ስንጥቁን በሁለት በኩል ይዞ እንዳይሰፋ ያግዛል። ክሩ ወደ 7 ማይክሮሜትር ይወፍራል፤ ናኖቲዩብ ግን የሚለካው በናኖሜትር (በማይክሮሜትር አንድ ሺህኛ) ስለሆነ ክር የማይደርስበት ይገባል።

ዋናው ጣጣ መበተኑ ነው። ናኖቲዩቦች እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ይጓጉላሉ። በእጅ አማስለህ «ሟሟ» ካልክ ዓይንህ ሸውዶሃል። አንድ ጠብታ በሁለት መስታወት መሀል ጨፍልቀህ ወደ ብርሃን ያዘው። ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ አልተበተነም። እያንዳንዱ ጓል ስንጥቅ ይጀምርብሃል፤ ከዚያ ባዶው ኢፖክሲ ይሻላል። እኔ ብሆን ዱቄቱን ትቼ፣ በሦስት ሮለር ማሽን ተፈጭቶ ሬዚን ውስጥ የተበተነውን ገዝቼ በባዶ ኢፖክሲ አቀጥናለሁ።

መጠኑን ከሬዚኑ ክብደት ከ0.1 እስከ 0.5 በመቶ ውስጥ ያዘው። ሲበዛ ሬዚኑ ይወፍርና አረፋው አልወጣ ይላል። በቫኩም (አየር በሚመጥ ፓምፕ) ሬዚን የምትስብ ከሆነ ደግሞ ጨርቁ ራሱ ያጣራዋል፦ መግቢያው ጋ ጥቁር የነበረው መውጫው ጋ ገርጥቶ ይደርሳል። በእጅ ለሚቀባ ይሄ ይቀላል።

መቀላቀሉን የዘለሉትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀጥ ብለው የቆሙ ናኖቲዩቦችን በንብርብሮች መሀል አስገብተው 30 በመቶ የሚደርስ የጥንካሬ ጭማሪ አግኝተዋል። ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም እንጂ ሐሳቡ ቆንጆ ነው።

ክብደቱን በተመለከተ፣ ናኖቲዩቡ ራሱ አያቀልልህም። የሚቀልልህ ጥንካሬው ተርፎህ አንድ ንብርብር መቀነስ ስትችል ነው።

ዱቄቱን ያለ ደህና ማስክ እንዳትከፍት። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 አንዱን የናኖቲዩብ ዓይነት ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ጋር መድቦታል። የደረቀውንም ስትሞርድ አርጥበው።

ከመግዛትህ በፊት አሁን የምትሠራውን ቆርጠህ ውስጡን በማጉያ እይ። የአየር ቀዳዳ ከሞላው ገንዘብህን ቫኩሙ ላይ አውለው። ንጹሕ ከሆነ ግን ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ሁለት ዝርግ ሰሌዳ ሥራ፣ አንዱን በናኖቲዩብ፣ አንዱን ያለ ናኖቲዩብ። ከዚያ ከሁለቱም አጫጭር ቁራጭ አውጥተህ፣ እያንዳንዱን በሁለት ድጋፍ ላይ አስቀምጠህ፣ የድጋፎቹን ርቀት የቁራጩን ውፍረት 4 እጥፍ አድርገህ መሀሉን ተጫነው። የትኛው ቀድሞ እንደሚላቀቅ እዚሁ ጻፍልን።