ኮምፒውተሮችን በስክሪፕት ግሩፕ ስለማድረግ፣ ከ41 ወደ 1 የወረደው ግሩፔ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። 180 ምናምን ኮምፒውተር አለኝ፣ ቪም (Veeam፣ ባክአፕ የሚሰራው ሶፍትዌር) ላይ ፕሮቴክሽን ግሩፕ ማለትም ባክአፕ የሚደረጉ ማሽኖች ስብስብ ውስጥ አንድ በአንድ በማውስ ማስገባት ሰለቸኝ፣ ፓወርሼል (የዊንዶውስ የስክሪፕት ቋንቋ) ላይ ሉፕ ማለትም ራሱን የሚደጋግም ትእዛዝ ሰርቼ ዝርዝሩን እያነበበ ወደየግሩፑ ቢጨምርልኝስ ነው ያልከው አይደል? ይቻላል። ግን የለጠፍከው ስክሪፕት ቁርጥ የኔን የድሮውን ስለመሰለኝ እኔ ላይ የደረሰውን መጀመሪያ ልንገርህ።

ሰርቨሮች የሚል ግሩፕ ነበረኝ፣ ውስጡ 41 ማሽን። አንድ አዲስ ሰርቨር መጣና እሱን ልጨምር ብዬ እንዳንተ አራት አምስት መስመር ጻፍኩ፦ ግሩፑን በስሙ አምጣ፣ ለአዲሱ ኮምፒውተር ከነክሬደንሻሉ (መግቢያ ስምና ፓስወርዱ) ኢንትሪ ስራለት፣ ከዛ ግሩፑን በሴት (Set) ኮማንድ አድሰው። ሮጠ፣ አንድም ቀይ ጽሁፍ የለም፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በነጋታው የባክአፑ ሪፖርት አረንጓዴ፣ ማለትም ተሳክቷል። በማግስቱም አረንጓዴ። እንዲህ እንዲህ እያለ 11 ቀን ሄደና አንዷ ባልደረባችን ፎልደር ጠፍቶባት የትናንቱን መልስልኝ ብላ መጣች፣ ስከፍተው የመጨረሻው ሪስቶር ፖይንት፣ ማለትም ልመልስበት የምችለው ቅጂ፣ ከ11 ቀን በፊት የተሰራ ነው። ላብ አጠመቀኝ። ግሩፑን ከፈትኩት፣ ውስጡ ያለው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ ያው ያን ቀን የጨመርኩት። 41ዱ የሉም።

ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም የኔ ነው። ሴት (Set) የሚለው ኮማንድ «ጨምርልኝ» ማለት አይደለም፣ «ከዛሬ ጀምሮ ዝርዝርህ ይሄ የሰጠሁህ ነው» ማለት ነው። እኔ ደሞ የሰጠሁት አንድ ኮምፒውተር ያለበት ዝርዝር ነው፣ እሱም ታዘዘ። ትክክለኛው አሰራር መጀመሪያ የግሩፑን ኮንቴነር (የኮምፒውተሮቹን ዝርዝር የያዘውን ክፍል) ታመጣለህ፣ ውስጡ ያለውን የኮምፒውተር ዝርዝር ቫሪያብል ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ በመደመር ምልክት አዲሱን ትጨምርበታለህ፣ ሙሉውን ለኮንቴነሩ ትሰጣለህ፣ መጨረሻ ላይ ኮንቴነሩን ለግሩፑ። ያንተ ሉፕ ላይ ይሄ መሃል ያለው እርምጃ የለም፣ ስለዚህ 60 ኮምፒውተር ብታዞርበት እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን እየገፋ መጨረሻ ላይ የሚቀረው የዝርዝሩ የመጨረሻው ስም ብቻ ነው።

የባሰው ደሞ ጆቡ (ግሩፑን ባክአፕ የሚያደርገው ስራ) ላይ ከጆቡ የወጡ ማሽኖችን ዳታ ከተወሰነ ቀን በኋላ አጥፋ የሚለውን ምርጫ አብርቼ 14 ቀን ላይ አድርጌው ነበር። 11ኛው ቀን ላይ ነው የደረስኩት። ሶስት ቀን ብትዘገይ ኖሮ ልጅቷ፣ በቃ ተወው።

ከዛ ወዲህ አረንጓዴ አላምንም። አረንጓዴ የሚነግርህ የታዘዝኩትን ሰርቻለሁ ነው እንጂ ማን እንደቀረ እሱ ከየት ያውቃል።

እና ምን ላድርግ ካልከኝ፣ እየጨመረ የሚሄድ ሉፕ እርሳው። አክቲቭ ዳይሬክተሪህ (የድርጅቱ ኮምፒውተሮችና ተጠቃሚዎች የሚመዘገቡበት) የተስተካከለ ከሆነ ማለትም ሰርቨሮቹ በራሳቸው ኦዩ (OU፣ እዛ ውስጥ እንደ ፎልደር ያለ ክፍል) ላፕቶፖቹ በራሳቸው ከሆኑ ስክሪፕት እራሱ አያስፈልግህም፣ ግሩፑን ኦዩው ላይ ወይ ሴኩሪቲ ግሩፕ ላይ ታስረዋለህ፣ አዲስ ማሽን እዛ ሲገባ ቪም በሚቀጥለው ሪስካን (ዝርዝሩን እንደገና ሲያጣራ) ራሱ ያገኘዋል። ግን የብዙዎቻችን ዳይሬክተሪ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። እንደኔ ዝብርቅርቅ ያለ ከሆነ ግሩፑን ከሲኤስቪ (CSV፣ ተራ የጽሁፍ ዝርዝር) ፋይል እንዲያነብ አድርገህ ስራው፣ ያንተ ስክሪፕት ስራ ማሽኖቹን ከዳይሬክተሪው እያነበበ ፋይሉን በየሌሊቱ ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ መጻፍ ብቻ ይሆናል። ቪም ፋይሉን በየሪስካኑ መልሶ ስለሚያነበው ግሩፑን በኮማንድ መነካካት ቀረልህ ማለት ነው። ያኔ ስህተት ብትሰራም ኖትፓድ ከፍተህ በአይንህ የምታየው ስህተት ነው።

ግን ፋይል የሚጽፍ ስክሪፕት ፍሬን ይፈልጋል፣ እዚህ ላይ ሰነፍ አትሁን። ዶሜይን ኮንትሮለሩ (አክቲቭ ዳይሬክተሪው ያለበት ሰርቨር) አንድ ሌሊት ባይመልስ ፓወርሼል እንዳለ ከተውከው ኤረሩን ይጽፍና ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል፣ የሚቀጥለው መስመር ደሞ ባዶ ዝርዝር ፋይሉ ላይ ይገለብጣል። ስለዚህ መጀመሪያው መስመር ላይ ኤረር አክሽን ፕሪፈረንስን ($ErrorActionPreference) ስቶፕ አድርገው፣ ኤረር ሲመጣ እንዲቆም። ከዛ አዲሱን ዝርዝር መጀመሪያ ሌላ ፋይል ላይ ጻፍና ከትናንቱ ጋር በኮምፔር ኦብጀክት (Compare-Object) አስተያየው፣ የኔ ከ5 በላይ ማሽን ከጠፋ ምንም ሳይገለብጥ ቆሞ ኢሜይል ይልክልኛል። አምስት የሚለው ከየትም አላመጣሁትም፣ በአንድ ቀን ከዛ በላይ ማሽን እኛ ጋ ስለማይወጣ ነው፣ አንተ የራስህን አስብ።

ማሽኖቹን ከዳይሬክተሪው ስትፈልጥር ደሞ ዲሴብል ያልሆኑትን ውሰድ፣ ማሽኑ ለመጨረሻ ጊዜ ሎጎን ባደረገበት ቀን ስትመርጥ ግን ቀኑን አታጥብበው። ላስት ሎጎን ታይምስታምፕ የሚባለው የዚህ ቀን መዝገብ በየሎጎኑ የሚታደስ አይደለም፣ እስከ 14 ቀን ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፣ 10 ቀን ብለህ ብትፈልጥር በየቀኑ የሚሰራ ማሽን ይወጣብሃል። እኔ 90 አድርጌዋለሁ፣ ያለፈውንም አልጥለውም፣ «ይጣራ» የሚል ሌላ ፋይል ውስጥ ይገባና ሰኞ ሰኞ በአይኔ አየዋለሁ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ የወሊድ እረፍት የወጣ ሰው ላፕቶፕ ነው።

አከፋፈሉን በተመለከተ በዲፓርትመንት ላድርግ ብለሃል፣ እኔ አልስማማም። ፋይናንስና ኤችአር መለየቱ ለባክአፑ ምንም አይጠቅመውም። መለየት ያለበት ማሽኑ መቼ በርቶ ይገኛል በሚለው ነው፦ ሰርቨር፣ ቢሮ ውስጥ ቋሚ ያለ ዴስክቶፕ፣ እና ላፕቶፕ። ላፕቶፕን ከባክአፕ ሰርቨሩ ተጠርቶ ሌሊት የሚሮጥ ጆብ ውስጥ ብትከተው ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ሁሌ ጠዋት 30 ቀይ ይመጣብሃል፣ ሳምንት ሳይሞላህ ቀይ ማንበብ ታቆማለህ። በማሽኑ ላይ ያለው ኤጀንት (እዛው የሚጫነው የቪም ፕሮግራም) ራሱ የሚያስኬደው ፖሊሲ ነው ለነሱ የሚሆነው።

ሌላ ትንንሽ ነገር ግን ግማሽ ቀን የበሉኝ፦ አንዱ ፋይል ላይ አጭሩ ስም ሌላው ላይ ከነዶሜይኑ ከሆነ ያው ማሽን ሁለት ግሩፕ ውስጥ ገብቶ ሁለቴ ባክአፕ ይሆናል፣ ሁሉንም ከነዶሜይኑ አድርገህ ድግግሞሽ አጣራ። ኤክሴል ላይ የተነካ ዝርዝር ስም መጨረሻ ላይ የማይታይ ስፔስ ይኖረዋል፣ ትሪም አድርገው። ከቪም 11ኛው ቨርዥን ጀምሮ የቪም ኮማንዶች ፓወርሼል ላይ የሚጫኑበት የድሮው ስናፕኢን ቀርቶ ሞጁል ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ የምታገኘው የድሮ ስክሪፕት የመጀመሪያ መስመሩ ላይ ይወድቃል።

ስክሪፕቱን ታስክ ስኬጁለር (ዊንዶውስ ላይ በሰዓቱ የሚያስነሳው) ላይ ስታስገባው ደሞ «እኔ ሳስኬደው ይሰራል እዛ ግን አይሰራም» ማለትህ አይቀርም። በኤክስፖርት ሲኤልአይ ኤክስኤምኤል (Export-Clixml) ፋይል ላይ ያስቀመጥከው ክሬደንሻል ዊንዶውስ ላይ የሚፈታው ለሰራው አካውንት፣ በሰራበት ማሽን ላይ ብቻ ነው። ታስኩ በሰርቪስ አካውንት (ለሰው ሳይሆን ለፕሮግራም በተከፈተ አካውንት) የሚሄድ ከሆነ ፋይሉንም በዛው አካውንት ገብተህ ስራው፣ ያንተን ኮፒ አድርገህ አትሰጠውም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ግሩፑ ላይ አታገናኘው፣ ፋይሉን ብቻ ይጻፍና ልዩነቱን በየጠዋቱ አንብበው፣ ማን ገባ ማን ወጣ። ገርሞህ «ይሄ ደሞ ማነው» የምትለው ስም መቅረት ሲጀምር አገናኘው።

እና ወንድሜ ይሄን መጀመሪያ ልነግርህ ሲገባ ወሬ ይዞኝ ነው፣ የለጠፍከው ስክሪፕት 7ኛ መስመር ላይ የአድሚኑ ፓስወርድ እንዳለ ይታያል። ፖስቱን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ አሁኑኑ ቀይረው።