ጥያቄና መልስ፦ በጣና ዙሪያ በሬ መርጦ ማድለብ

ስለ በሬ ማድለብ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከወረታ እስከ መሸንቲ ጥያቄው ጎረፈ። ረጅም ጊዜ በእንስሳት ጤና ሙያ ሠርቻለሁ፤ አሁን ዘንዘልማ ላይ እኔም አደልባለሁ። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ መኖ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ወደ አንድ ነገር እመለሳለሁ። ከሲታ በሬ ስትገዙ ምን እንዳከሳው እወቁ። ረሃብ ያከሳውን መኖ ያነሳዋል። በሽታ ያከሳው ግን ፋጉሏችሁን (ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን የቅባት እህል ተረፈ ምርት) በልቶ እዚያው ይቀራል።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ሦስት በሬ ገዝቼ ልጀምር ነው። ገበያ ላይ ምኑን ልይ?

መጀመሪያ ራቅ ብለህ ቁመናውን እይ። አጥንቱ ሰፋ ያለ፣ ደረቱ የተከፈተ፣ ወገቡ ረዘም ያለ ይሁን። ከዚያ አስኪደው። የሚያነክስና የሚያስል ከሆነ እለፈው። ቆዳውን ሳብ ስታደርገው ላላ ካለ ጥሩ ነው፤ ገና የሚሞላ ቦታ አለው።

አሁን ወደ ዋናው። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርገህ ውስጡን እይ። ሮዝ ከሆነ ደህና ነው። ከነጣ ደም አንሶታል። አገጩ ሥር በእጅህ ዳብስ። ውሃ የቋጠረ ለስላሳ እብጠት ካገኘህ በእኛ አካባቢ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጉበት ትል ነው። ፀጉሩ የቆመ፣ ጭራው በተቅማጥ የቆሸሸ ከሆነም በግማሽ ዋጋ ቢሰጡህ አትንካው። ደላላው "መንገድ አድክሞት ነው" ይልሃል። አትስማው።

ረሃብ ያከሳው በሬ ጎድኑ ቢቆጠርም ዓይኑ ንቁ ነው። ሣር ሲያይ ይሻማል። እኔ ገበያ ስሄድ ድርቆሽ ይዤ ነው የምሄደው። አቀርብለታለሁ፣ አበላሉን አያለሁ።

ከአዴት፦ ዕድሜውን በጥርስ እንዴት ነው የምናውቀው?

የላይኛው የፊት ጥርስ የላቸውም፤ የምታዩት የታችኛውን ነው። ስምንት ናቸው። ሁለት ቋሚ ጥርስ ካወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። አራት ከሆነ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ስድስት ከሆነ ወደ አራት፣ ስምንቱም ከሞሉ አምስት ገደማ። የአገራችን ከብት ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ከዚያ በኋላ የምታዩት መበላቱን ነው። ጥርሱ አጥሮ መሃሉ ከተከፈተ አርጅቷል፤ ገለባ አኝኮ መጨረስ ይቸግረዋል።

ወይፈን ሥጋ ይሠራል፣ ስብ ለመያዝ ግን ጊዜ ይወስዳል። ፋጉሎም አብዝቶ ይፈልጋል። ጥርሱ ሞልቶ ያላረጀ የእርሻ በሬ ቶሎ ይደልባል። ጮማ ለሚፈልገው የአገር ውስጥ ገበያ ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው።

ከወረታ፦ የፎገራ ከብት ለማድለብ ይሆናል?

በደንብ ይሆናል። ገላው ትልቅ ነው፣ ጠባዩ ገር ነው፣ የሜዳውን ረግረግ ለምዶታል። ችግሩ ንጹሕ ዘሩ እየሳሳ መምጣቱ ነው። አንዳሳ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዘሩን ለመጠበቅ ሲሠራ ኖሯል። ገበያ ላይ ቡሬ የሆነ ሁሉ ግን ፎገራ አይደለም። ቀለሙን ሳይሆን ቁመናውን ግዛ።

ከዘጌ፦ ከሐይቁ ዳር ለምለም ሣር እያጨድኩ እሰጣለሁ። በልቶ ይጠግባል፣ ግን አይሞላም። ምን ሆኖ ነው?

እህቴ፣ ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። የብዙ ሰው ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው።

የጉበት ትል እንቁላል ከእበት ጋር ይወጣና ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል። ከዚያ ረግረግ ውስጥ የምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከእሷ ወጥቶ ውሃው ዳር ያለ ሣር ላይ ይጣበቃል። በሬሽ ያንን ለምለም ሣር ሲበላ አብሮ ይውጠዋል። ትንንሾቹ ትሎች ለሳምንታት ጉበቱን እየበሱ ይጓዛሉ፤ ሲያድጉ የሐሞት ቧንቧው ውስጥ ይቀመጣሉ። ደሙ ያልቃል፣ መኖው ወደ ሥጋ አይለወጥም። ጋጣ ውስጥ ታስሮ ቢውልም ሣሩ ከረግረግ ከመጣ በሽታውን በሸክም እያመጣሽለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ሣሩን ከደረቅ መሬት እጨጂ። ከረግረጉ ማጨድ ግድ ከሆነ በደንብ አድርቀሽ ከወራት በኋላ ስጪው። እርጥቡን በፍጹም። ሁለተኛ፣ በሬው በተገዛ ሳምንት መድኃኒት ይውሰድ። እዚህ ላይ የመድኃኒቱ ዓይነት ለውጥ አለው። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው። ትሪክላቤንዳዞል ትንንሾቹንም ይገድላል። መጠኑን የጤና ባለሙያው በበሬው ክብደት ይወስንልሽ። መድኃኒት ከወሰደ በኋላ እስኪታረድ መቆየት ያለበት ጊዜ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ እሱን አክብሪ። ሰው ነው የሚበላው።

ከጎርጎራ፦ እምቦጩ መቼም አላለቀም፣ ለከብት ብንሰጠውስ?

እምቦጭ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታየ ወዲህ ይህ ጥያቄ ተለይቶኝ አያውቅም። ከ10 ኪሎ እምቦጭ ከ9 ኪሎ በላይ ውሃ ነው። በሬው ሆዱ ይሞላል፣ የሚያደልበው ግን የለም። ከውሃው ስለሚወጣም የጉበት ትሉ ስጋት እሱም ላይ አለ። ችግር የገባው ሰው አጠውልጎና አድርቆ ከገለባ ጋር ጥቂት ሊቀላቅል ይችላል። ለማድለብ ግን አይታሰብ።

ከመሸንቲ፦ ሚዛን የለንም። ክብደቱን በግምት ነው የምንናገረው።

የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከሻኛው ኋላ፣ ደረቱን ዙሪያ ለካ። ቀጥሎ ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ለካ። ሁለቱንም በሴንቲ ሜትር። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዛ፣ በርዝመቱ አባዛ፣ ለ10,840 አካፍል። የሚመጣው ኪሎው ነው። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ 270 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ትንሽ ይሳሳታል፤ ግን በየ15 ቀኑ አንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ሳይበላ ከለካው እየጨመረ መሆኑን ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል። ደብተር ላይ ጻፈው። የአገራችን በሬ በደህና አያያዝ በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ ይጨምራል። በወሩ ምንም ካልጨመረ መኖ ከመጨመርህ በፊት ሐኪም አሳየው።

ከሐሙሲት፦ መኖውን እንዴት እንቀላቅል? የሩዝ ገለባ እንደሆነ ሞልቶናል።

በሬ በቀን የሚበላው ደረቅ መኖ ከክብደቱ ከ100 እጅ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጅ ነው። 250 ኪሎ ለሚመዝን በሬ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ከዚህ 3 ኪሎ ያህሉ ድብልቅ መኖ፣ የቀረው ገለባና ድርቆሽ ይሁን። ቀላሉ ድብልቅ 69 ኪሎ ፉርሽካ፣ 30 ኪሎ የኑግ ፋጉሎና 1 ኪሎ ጨው ነው። ከግማሽ ኪሎ ጀምራችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ አድርሱት። በአንድ ጊዜ ካጎረሳችሁት ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሊሞትም ይችላል። የጠላ አተላ ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ትኩሱን ሳይሆን የቀዘቀዘውን፣ ሻጋታ ሳይነካው፣ ከገለባ ጋር ቀላቅላችሁ ስጡ። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ፊቱ ይኑር።

የሩዝ ገለባ ብቻውን ደካማ ነው። በዩሪያ አክሙት። ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ በጥብጡና በየንጣፉ እየረጫችሁ ጠቅጥቁት። አየር እንዳይገባው በላስቲክ ሸፍናችሁ ሦስት ሳምንት ይቆይ። ከመስጠታችሁ በፊት ሽታው እንዲወጣ ቀድማችሁ አናፍሱት። የተበጠበጠውን ውሃ ከብት እንዳይጠጣው አደራ፤ ይገድላል። ለጥጃም አይሰጥም።

ከባሕር ዳር፦ ከተማ ውስጥ ሲዞር ያደገ በሬ በርካሽ አገኘሁ። ልግዛው?

አይ። ሆዱ ውስጥ ፌስታል ሊኖር ይችላል፤ እሱን ደግሞ መድኃኒት አያወጣውም።

ከይባብ፦ የጎረቤቴ በሬ ጠዋት ደህና ነበር፣ ማታ ሞቶ ተገኘ። ከአፍንጫው ደም ይወጣል። "ሳይበላሽ እንረደው" እያሉ ነው።

ወንድሜ፣ ይህን እንዳየሁ ወዲያው ነው የደወልኩልህ፤ ለሌሎችም እንዲጠቅም እዚህ እደግመዋለሁ። ድንገት የሞተ፣ የማይረጋ ደም ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የሚወጣ ከብት አባሰንጋ ሊሆን ይችላል። አትክፈቱት። ቆዳውን አትግፈፉት። ሥጋውን ሰውም ውሻም እንዳይቀምሰው። በሽታው ሰው ይገድላል። ከብቱ ሲከፈት ጀርሙ አየር ያገኝና መሬቱ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ለቀበሌው የእንስሳት ሐኪም ንገሩ፤ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ክትባቱን በየዓመቱ አስከትቡ። አዲስ የገዛችሁትንም ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ለብቻው እሰሩት።

ከሮቢት፦ እኔ ያለችኝ የአንድ በሬ ቦታ ናት። መቼ ገዝቼ መቼ ልሽጥ?

እታለም፣ አንድም በሬ ይበቃል። ለገና ከሆነ መስከረም መጨረሻ ላይ ግዢ፣ ሦስት ወር ይሆንሻል። ለፋሲካ ከሆነ ጥር ላይ። ከጥምቀት በኋላና ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሠርግ አለ፤ በዓል ሲያልፍ ገበያው ይሞታል ብለሽ አትቸኩዪ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ስለሚዘጋ ለሚሸጥ ከባድ፣ ለሚገዛ ምቹ ነው። በበዓሉ ዋዜማ ሁሉም በሬውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ገዢ አነጋግሪ።

በሬው መቼ እንደበቃ ሜትሩ ይነግርሻል። ፍርምባው ሞልቶ፣ ጭራው ሥር ስብ ይዞ፣ የሚጨምረው ኪሎ ሲያንስ የ15 ቀኑን የመኖ ወጪ ከጨመረው ኪሎ ዋጋ ጋር አስተያዪው። ወጪው ከበለጠ በሚቀጥለው ገበያ አውጪው።