ስኖው መቼ ሲታይ ያምራል? ጥያቄና መልስ ከሚኒያፖሊስ

የመጀመሪያ ዊንተራችሁን (ክረምታችሁን) እዚህ አሜሪካ የምታሳልፉ ስለ ስኖው፣ ማለትም እንደ ጥጥ ስለሚወርደው በረዶ፣ ብዙ ጠይቃችኋል። እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። ሰዓቱ በአገር ቤት አቆጣጠር ነው።

ጥ፦ ማታ ሲጥል ሰማዩ ብርቱካናማ ሆነብኝ። ፈራሁ እኮ!

መ፦ አይዞሽ እህቴ፣ የመንገድ መብራት ነው። አዲስ በረዶ ካረፈበት ብርሃን ከ80 በመቶ በላዩን ወደ ላይ ይመልሳል። ዝቅ ያለው ደመና ደግሞ ተቀብሎ ወደ ታች ይልከዋል። የድሮው ቢጫ አምፖል ባለበት ሰፈር ሰማዩ ብርቱካናማ ይሆናል። ነጭ ኤልኢዲ አምፖል በገባበት ግን ግራጫ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ያለ ባትሪ መሄድ ትችያለሽ።

ጥ፦ ቀን ቀና ብዬ ሳየው አመድ ይመስላል። ቆሻሻ ነው?

መ፦ አይደለም። ከጀርባው ያለው ሰማይ ስለሚበራ ነው የሚጠቁረው። ጥድ ወይም የጡብ ግድግዳ ፊት ሲያልፍ እየው፤ ነጭ ነው።

ጥ፦ ማለዳ ይሻላል ማታ?

መ፦ እኔን ከጠየቅክ ማምሻ። በታኅሣሥ ፀሐይ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆናል። የመንገድ መብራት ሥር ቆመህ ቀና በል፤ ቅንጣቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ማለዳም ደስ ይላል፣ ግን አካፋ ይጠብቅሃል።

ጥ፦ ለምን ጸጥ ይላል?

መ፦ አዲስ በረዶ ውስጡ አብዛኛው አየር ነው። ድምፅ እዚያ ገብቶ ይቀራል።

ጥ፦ አንዴ ትልልቅ፣ አንዴ ደቃቅ። በሰዓቱ ነው?

መ፦ በሙቀቱ ነው። ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቅንጣቶቹ ስለሚረጥቡ ተጣብቀው ይወርዳሉ። ብርዱ ሲጠና ይደቅቃሉ። በጥቁር ጓንት ተቀበላቸው፣ ባለ ስድስት ክንፍ ታገኛለህ።

ጥ፦ አገር ቤት አለ?

መ፦ ስሜን ተራሮች ላይ፣ ራስ ዳሸን አካባቢ፣ አልፎ አልፎ ይጥላል። አዲስ ነገርም አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ አዱሊስ ላይ አንድ የጥንት ንጉሥ ያስቀረጸውን ጽሑፍ ገልብጧል። ንጉሡ ስሜን ዘምቶ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለ ይናገራል።

ጥ፦ ማታ ለማየት መኪና ይዤ ልውጣ?

መ፦ ኧረ በእግርህ! ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እምብዛም አይሠራም። የቆመ መኪናህንም አስብ። ከተማው ስኖው ኢመርጀንሲ (መንገድ ከበረዶ ለመጥረግ የሚወጣ አስቸኳይ አዋጅ) ካወጀ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ምልክት በተደረገባቸው ዋና መንገዶች ላይ ያገኘውን ይቀጣል፣ ያስጎትታልም።