መሪዬ ላላ ላላችሁኝ ሁሉ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መሪ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ከውሃ ላይ ነው የመጡት። ይሁን፣ አብረን እንያቸው።

ቪትዝ ያላት እህታችን መኪናዋ 80 ስትገባ መሪው እንደሚንቀጠቀጥባትና "መሪው ይቀየር" እንደተባለች ጽፋለች።

ማንም መሪ እንዳይቀይርብሽ! መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ሂጂና የፊት ጎማዎቹን ባላንስ አሠሪ።

ሲያትል የሚኖር አንባቢ ከጓደኛው ጋር ሆኖ በፈረንጅ 1979 የተሠራች ባለ ሸራ ጀልባ በርካሽ ገዝቷል። መሪው ስንዝር ያህል በባዶ ይዞራል፣ ጀልባዋ ግን አትሰማም። "ገመዱን አጥብቄ ልገላገል?" ይላል።

አትገላገልም፣ ወንድሜ። እኔ መኪና ጠጋኝ ነበርኩ፤ ጀልባ የነካሁት ስደት ላይ ነው። በሽታው ግን ያው ነው፤ ሰው ሁሌ የሚያጠብቀው እጁ ቶሎ የሚደርስበትን ነው።

መንገዱን ተከተል። መሪውን ስታዞር መቆሚያው ውስጥ ያለ ሰንሰለት ይሳባል። ከሰንሰለቱ የብረት ገመድ ይቀጥላል። ገመዱ በፑሊዎች ዞሮ ወደ ኋላ ይሄድና የአምባሻ ቁራሽ የሚመስል ብረት ላይ ይታሰራል። አምባሻው የራደሩን ዘንግ ነክሶ ይዟል። ራደር የምንለው ውሃ ውስጥ ሆኖ ጀልባዋን የሚያዞራትን ክንፍ ነው። ልልነቱ ከእነዚህ ከማንኛቸውም ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ከታች ጀምር። ጀልባዋ ለቀለም ከውሃ ስትወጣ የራደሩን የታችኛውን ጫፍ ይዘህ ወደ ጎን ወዝውዘው። ኳ ኳ ካለ ዘንጉ የሚዞርበት ቡሺንግ ተበልቷል፤ ገመድ ማጥበቅ ምን ይረባሃል? ቀጥሎ ጓደኛህ መሪውን ግጥም አድርጎ ይያዝልህ። አንተ ባትሪ ይዘህ ከኋላ ግባና አምባሻውን ግፋው። ጓደኛህ መሪውን እንዳይለቀው አስጠንቅቀው፣ ያ ብረት ጣት ይቆርጣል። አምባሻው ዘንጉ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ማሰሪያ ብሎኖቹ ናቸው። ፑሊዎቹንም እያቸው፤ ፒኑ ተበልቶ ያዘመመ ፑሊ ገመዱን ከጎን እየፋቀ ይጨርሰዋል። አንዳንዴ ደግሞ ፑሊው ደህና ሆኖ የታሰረበት እንጨት በስብሶ ይገኛል።

ገመዱ ራሱስ? አንድ ሶፍት ጠቅልልበትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያልክ ሳበው። በባዶ እጅህ እንዳትሞክረው። ሶፍቱ ተይዞ ነጭ ብጣሽ የቀረበት ቦታ ላይ ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ፑሊው ላይ የሚጠመዘዝበት ቦታ ነው። አንዲትም ብትሆን ከተበጠሰች የሁለቱም ወገን ገመድ ይቀየር። በየ5 ዓመቱ መቀየር ይመከራል፤ ያንተ ገመድ መቼ እንደገባ የሚነግርህ ከሌለ፣ ቀይረው።

ማጥበቅ የመጨረሻው ሥራ ነው። መሪው ተይዞ አምባሻውን ስትገፋው አይነቃነቅ፤ ሲለቀቅ ደግሞ መሪው ያለ ትግል ይዙር። ከዚያ በላይ ካጠበቅኸው ፑሊዎቹን ትበላለህ፣ የውሃውን ግፊትም በእጅህ መስማት ታቆማለህ።

ሌላም አለ። ገመድ የሚበጠሰው ነፋስ በበረታ ቀን ነው። የራደሩ ዘንግ ላይ በቀጥታ የሚሰካ የአደጋ ጊዜ እጀታ አለ፤ የት እንደተቀመጠ ዛሬውኑ ፈልግና ሰክተህ ሞክረው። አሮጌ ጀልባ ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው ከገመድ ክምር ሥር ዝጎ፣ አልሰካም ብሎ ነው። ቡሺንጉ ከሆነ ደግሞ ለጀልባ ጠጋኝ ስጠው፤ ራደር ማውረድ የሁለት ጓደኛሞች የቅዳሜ ሥራ አይደለም።

ከባሕር ዳር የጻፈው ወጣት ጣና ላይ ሰው ያመላልሳል። ሞተሩ ከኋላ የተንጠለጠለ ነው፤ መሪው ጠንክሮበታል። "ኬብሉ ላይ ግሪስ ልጨምር?" ብሏል።

ኬብሉ ድፍን ስለሆነ ግሪስ ውስጡ አይገባም። ኬብሉን ከሞተሩ ፍታውና ሞተሩን በእጅህ አዙረው። ሞተሩ እሺ ብሎ ዞሮ መሪው አሁንም ከከበደ ኬብሉ አልቋል፣ ይቀየር። ሞተሩ ራሱ ከከበደ፣ ሞተሩ ግራ ቀኝ የሚዞርበት ዘንግ ቱቦ ውስጥ አሮጌ ግሪስ ደርቆ ይሆናል፤ አጽዳና አዲስ ግሪስ ቀባው። ይህን ሁሉ ስትሠራ ግን ጀልባው ባዶ ይሁን። ሞተሩን የሚያውቅ መካኒክ አይቶ ደህና ነው እስኪልህ ድረስ አንድ ተሳላሚ እንዳትጭን። ለወግ ብዬ አይደለም የምጽፈው።

ሃርድቶፕ የሚነዱት ጋሼ መካኒካቸው የመሪው ሳጥን ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ሲያጠብቅ ልልነቱ እንደጠፋላቸው፣ አሁን ግን መሪው ከዞረ በኋላ በራሱ እንደማይመለስ ነግረውኛል።

ጋሼ፣ መካኒክዎ ሲያትል ካለው ልጅ ጋር ቢተዋወቁ ይስማማሉ። የመሪው ሳጥን ጥርስ ይበልጥ የሚበላው መሃሉ ላይ ነው፤ ቀጥታ ስንነዳ የምንውለው እዚያው ላይ ነዋ። መሃሉ ላይ እስኪጠብቅ ብሎኑን ካዞሩት፣ መታጠፊያ ላይ ይነክሳል። ብሎኗ ወደ ቦታዋ ትመለስ። ከዚያ አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ እያለ፣ ሌላው ሥር ገብቶ ንቅናቄው የቱ ጋ እንደሚጠፋ ይይ። ቲራንቲው ላይ ይመስለኛል፤ ማለትም ጎማዎቹን የሚያዞረው ዘንግ ላይ። እኔም ልጅ ሳለሁ የሰው መኪና ላይ ያንኑ ብሎን አጥብቄ ባለቤቱን "ጨርሻለሁ" ብዬዋለሁ።

የመሪ ዘይት ቢያልቅ የፍሬን ዘይት ይሆናል ወይ?

አይሆንም! ጎሚኒዎቹን ይጨርሳቸዋል።

የመሪ ልባስ ምን ቀለም ይሻላል?

የፈለግሽው። ብቻ እጅሽ ላይ የማይንሸራተት ይሁን።